የትናንት በርጫ፣ የዛሬ ወንበር

ለፖሊስ ወይም ለመከላከያ ሠራዊት ምልመላ የሚለጠፉ ማስታወቂያዎችን የሚከታተል ሰው «ከደባል ሱስ ነፃ የሆነ» የምትለውን መስፈርት በደንብ ያውቃታል። ከዕድሜ፣ ከቁመት፣ ከትምህርት ደረጃና ከጤና ጋር ተሰልፋ ትመጣለች። ስንት ዓመት ወደኋላ እንደምትሄድ ግን አትናገርም። የትኛው ልማድ እንደሚቆጠር፣ ማን እንደሚመረምር፣ ትቶት የመጣ ሰው ከየትኛው ወገን እንደሚመደብም አታብራራም። በብዙ የአገራችን ክፍል ይህች መስፈርት ብዙ ሳታነጋግር ታልፋለች። ከሚሴ ላይ ግን እንደዚያ በቀላሉ ልትታለፍ አይገባም።

ከሚሴ ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ በሚወስደው አውራ ጎዳና 325 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው የሚያገኟት፣ በአማራ ክልል የኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ዋና ከተማ ናት። ደዋ ጨፋ፣ አርጡማ ፉርሲ፣ ጅሌ ጥሙጋ፣ ደዌ ሀረዋና ባቲ የዞኑ ወረዳዎች ናቸው። የዞኑ የሥራ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፤ ከነዋሪው እጅግ የሚበዛው ሙስሊም ነው። ጫት በዚህ አካባቢ የገበያ ዕቃ ብቻ አይደለም። የዱዓ ቀን ቤቱ ተጠርጎ ምንጣፍ ይዘረጋል፤ ጀበናው ይጣዳል፤ እጣኑ ይጨሳል። ጫቱ ገና ሳይቀመስ ለትልቁ ሰው ይቀርባል፤ እሳቸው ለታመመ፣ ለተጣላ፣ ዝናብ ለራቀው ዱዓ ያደርጋሉ፤ ተሰብሳቢው «አሚን» ይላል፤ ከዚያ በኋላ ነው የሚታደለው። በወሎ ወዳጃ የሚባለው ሥርዓት በዚህ መልክ ከትውልድ ወደ ትውልድ ተላልፏል።

ከዚህ ቤት ያደገ ልጅ ሃያ አምስት ዓመት ሞልቶት ለመንግሥት ሥራ ሲወዳደር «ቅመህ ታውቃለህ?» ቢባል ምን ይመልስ? «አላውቅም» ካለ ብዙ ጊዜ ውሸት ይሆናል። «አውቃለሁ» ካለ ደግሞ ራሱን ከሱሰኛ ተርታ አሰለፈ። ጥያቄው ሲጀመር የተሳሳተ መሆኑን የሚያሳየው ይህ ነው፤ እውነተኛውን ይቀጣል፣ ዋሾውን ያሳልፋል። ታማኝ ሰው ለመምረጥ የወጣ መስፈርት ውሸትን የሚሸልም ከሆነ ሥራውን አልሠራም።

የአካባቢው ሕዝብ እምነት የሚጥልበትን ሰው እንዴት እንደሚመርጥ ማየትም ይጠቅማል። በወሎ፣ በተለይ በዚሁ ዞንና በአጎራባቾቹ ወረዳዎች፣ አበጋር የሚባሉ አስታራቂዎች አሉ። ሥልጣኑ ብዙውን ጊዜ በዘር የሚወረስ ነው። ደም የተቃቡ ወገኖችን ቁጭ አድርገው የሚያስታርቁ፣ ካሳ የሚቆርጡ፣ ፍርድ ቤት ጨርሶት ያልጨረሰውን ቂም የሚያበርዱ ሰዎች ናቸው። የመንግሥት አካላትም ግጭት ሲነሳ ደጃቸውን ይጠናሉ። ታዲያ የእርቁ መድረክ ያለ ዱዓ፣ ያለ ቡና፣ ያለ ጫት የሚታሰብ አይደለም። እዚያው ቀዬ ውስጥ ሁለት የእምነት ሚዛኖች ጎን ለጎን ቆመዋል። አንደኛው ሰውየውን በቃሉና በፍርዱ ይመዝነዋል፤ ሌላኛው በጉንጩ።

በእርግጥ ወሎ ውስጥ ጫትን የሚነቅፍ ሃይማኖታዊ ድምፅ የለም ማለት አይደለም። ጫት ገንዘብና ጊዜ ያባክናል፣ ከሶላት ያዘናጋል፣ መተው አለበት ብለው የሚያስተምሩ ዑለማዎች ብዙ ናቸው። ክርክሩ በሙስሊሙ መካከል የቆየና ዛሬም የቀጠለ ነው። በክርስቲያኑ ደጋ ደግሞ ጫት ለረጅም ዘመን የእስላም ምልክት ተደርጎ ይታይ ነበር። ዛሬ ያ ድንበር ፈርሷል፤ በዩኒቨርሲቲ ቅጥር ግቢ ዙሪያ ለፈተና የሚቅመው ተማሪ ከሁሉም እምነት ነው። ሆኖም የድሮው እይታ ርዝራዥ ስላልጠፋ፣ ልኩ ያልታወቀ «ሱሰኛ» የሚል ስም ሁሉንም ዜጋ እኩል አይመታም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 25 ላይ በሃይማኖትም ሆነ በብሔር ልዩነት ሳይደረግ ሰው ሁሉ በሕግ ፊት እኩል ነው ሲል፣ በግልጽ አድልዎ የሚያደርግ ሕግን ብቻ ማሰብ የለብንም። ሲነበብ ለሁሉም እኩል የሚመስል፣ ሲሠራበት ግን አንዱን ማኅበረሰብ ለይቶ የሚያገኝ መስፈርትም አለ።

ሕጉ ራሱ ምን ይላል? እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳት ይመስለኛል። ጫት በኢትዮጵያ የተከለከለ ዕፅ አይደለም። እንዲያውም መንግሥት በ2004 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 767 ኤክሳይስ ታክስ ጥሎበታል፤ ከቡና ጋር ስማቸው ከሚነሳ የውጭ ምንዛሪ ምንጮችም አንዱ ነው። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 525 የሚቀጣው አደንዛዥ ዕፆችን ማምረት፣ ማዘዋወርና መጠቀምን ነው፤ ሐሺሽ እዚያ ውስጥ ይወድቃል። ዓለም አቀፉ ሕግም የሚያደርገው ልዩነት አለ። በ1971 እ.ኤ.አ. የተፈረመው የሳይኮትሮፒክ ንጥረ ነገሮች ስምምነት የሚቆጣጠረው በጫት ውስጥ ያሉትን ካቲኖንና ካቲን የተባሉ ንጥረ ነገሮች ነው፤ ቅጠሉን ራሱን በዝርዝሩ አላሰፈረውም። ስለዚህ ሐሺሽ ያጨሰና ጫት የቃመ ሰው በኢትዮጵያ ሕግ ፊት አንድ አይደሉም። የምልመላ ማስታወቂያው ግን «ደባል ሱስ» በሚል አንድ ከረጢት ይከታቸዋል።

የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ከማስታወቂያዎቹ የበለጠ ጠንቃቃ ሆኖ ቆይቷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 1064፣ ከእሱ በፊት እንደነበሩት አዋጆች ሁሉ፣ በልማዳዊ ስካር ወይም በአደንዛዥ ዕፅ ሱስ ምክንያት ሥራን መበደልን ከባድ የዲሲፕሊን ጥፋት ያደርገው ነበር። ልብ በሉ፤ ጥፋቱ የነበረው ሥራው ሲበደል ነው። ሠራተኛው በአሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ምን ያደርግ እንደነበር አዋጁ አይጠይቅም ነበር። ሥራ እንዳይቀጠር የሚከለከለውም ማን እንደሆነ ሲዘረዝር እምነት በማጉደልና በሌብነት ዓይነት ወንጀል የተፈረደበትን ይጠቅስ ነበር እንጂ በልማድ የሚታማውን አልነበረም። የ1999ኙ አዋጅ ቁጥር 515 ደግሞ በዲሲፕሊን ጥፋት ከሥራ የተሰናበተ ሰው እንኳ አምስት ዓመት ካለፈው በኋላ ተመልሶ መቀጠር እንዲችል በር ይከፍት ነበር። የወንጀል ሕጉም ቅጣቱን የጨረሰ ሰው የተወሰነ ጊዜ በመልካም ጠባይ ከቆየ ስሙ እንዲታደስለት ፍርድ ቤትን የሚጠይቅበት ድንጋጌ አለው። እንግዲህ ተፈርዶበት እስር ቤት የገባው ሰው የተቆጠረ ጊዜ ሲኖረው፣ ተፈርዶበት የማያውቀው፣ ያልተከለከለ ቅጠል የቃመው ሰው የጊዜ ገደብ የሌለው ጥያቄ ይጠብቀዋል። ይህ በሕግ መንፈስ ሲታይ የተገለበጠ ነገር ነው።

በኢትዮጵያ አንድ ሰው የእምነት ቦታ ላይ ሲቀመጥ የሚጠየቀው ምን እንደሆነ ተዘዋውሮ ማየት ጥሩ ነው። ገንዘብ ያዥ ወይም የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ሲቀጠር ተያዥ ያቀርባል። ከወንጀል ነፃ መሆኑን የሚገልጽ የፖሊስ ማስረጃ ያመጣል፤ የጤና ምርመራ ያደርጋል። ከፍ ያለ ሹመት ላይ ያለው ደግሞ በ2002 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 668 መሠረት ሀብቱን ያስመዘግባል። እነዚህ ሁሉ አንድ የጋራ ጠባይ አላቸው፤ በወረቀት የሚረጋገጡ ናቸው። ተያዡ ፈርሟል ወይም አልፈረመም። ፋይል አለ ወይም የለም። «ከሱስ ነፃ» የሚለው ግን ብዙ ጊዜ የሚረጋገጠው ከቀበሌ በሚመጣ የድጋፍ ደብዳቤና በሰው አፍ ነው።

የሰው አፍ ደግሞ በትንሽ ከተማ ምን እንደሚያደርግ ይታወቃል። ሁሉም ሁሉንም ያውቃል፤ የድሮ ጠብ፣ የመሬት ክርክር፣ የጋብቻ ቂም አብሮ አለ። እንበልና አንድ ወጣት ዩኒቨርሲቲ እያለ ቅሟል፤ ከተመረቀ በኋላ ትቷል፤ አግብቷል፤ አሁን ደዋ ጨፋ ወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ለገንዘብ ያዥነት ይወዳደራል። ፈተናውን አለፈ፤ ተያዡ ቀርቧል። ከዚያ አንድ ሰው «እሱማ ጫታም ነው» ይላል። ይህን ቃል የሚሽር ማስረጃ ከየት ይመጣል? አለመቃምን የሚያረጋግጥ ወረቀት የሚሰጥ መሥሪያ ቤት የለም። ያልተጻፈ ክስ ይግባኝ አይባልበትም።

ነገሩን የበለጠ የሚያከብደው ግምገማ ነው። ከ1983 ዓ.ም. ወዲህ በመንግሥትም ሆነ በፓርቲ መዋቅር ውስጥ ሥር የሰደደው ግምገማ «የሥነ ምግባር ችግር» የሚል ሰፊ ርዕስ ነበረው፤ ጫትና መጠጥ በዚያ ርዕስ ሥር ለመነሳት ቅርብ ናቸው። እንደኔ አመለካከት ችግሩ መነሳታቸው አይደለም። የሚነሱበት ጊዜ ነው። ሰውየው ተፈላጊ በነበረበት ዓመት ሁሉ ልማዱ እየታወቀ ዝም ይባላል፤ የቡድን አሰላለፍ ሲለወጥ ያው ልማድ ድንገት ጥፋት ሆኖ ይወጣል። እንዲህ ያለ መስፈርት ሕዝብን ከመጥፎ ሹመኛ አይጠብቅም። ሹመኛውን የአለቃው ምርኮኛ ያደርገዋል፤ ምክንያቱም የሚነሳበት ነገር ዘወትር መሳቢያ ውስጥ እንዳለ ያውቃል። የእምነት ቦታ ላይ ካለ ሰው በላይ ለማስፈራሪያ መጋለጥ የሌለበት ማነው?

እዚህ ላይ የውጭውን ልምድ መመልከት ይጠቅማል፤ በተለይ በዋሽንግተን ዙሪያና በሌሎች የአሜሪካ ከተሞች የሚኖሩ የወሎ ልጆች ስለሚገጥማቸው። አሜሪካ ካቲኖንን በ1993 እ.ኤ.አ. በጣም ጥብቅ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው ንጥረ ነገሮች ተርታ አስገብታዋለች፤ ስለዚህ ትኩስ ጫት እዚያ ሕገ ወጥ ነው። ለደኅንነት ፈቃድ የሚያመለክት ሰው የሚሞላው ቅጽ 86 ክፍል 23 ላይ ስለ ዕፅ ይጠይቃል። ጥያቄው ግን ወሰን አለው፤ በዋናነት የሚመለከተው ያለፉትን ሰባት ዓመታት ነው። እውነቱን የጻፈ ሰው የጻፈው ነገር በኋላ በወንጀል ክስ ማስረጃ ሆኖ እንደማይቀርብበት ቅጹ ራሱ ያረጋግጥለታል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሠራበት የምዘና መመሪያ ደግሞ የቆየና አልፎ አልፎ የነበረ አጠቃቀምን፣ መተውን፣ ሕክምና መጨረስን ለአመልካቹ የሚቆጠሩ ነገሮች ያደርጋል። አሁን እየተጠቀመ ያለን ግን ሕጉ አይምረውም። ከሁሉ የከፋው ጥፋት በቅጹ ላይ መዋሸት ነው።

አሜሪካውያኑም እዚህ የደረሱት ዝም ብለው አልነበረም። በ1987 እ.ኤ.አ. ፕሬዚዳንት ሬጋን ለጠቅላይ ፍርድ ቤት ያጩት ዳኛ ዳግላስ ጊንስበርግ ማሪዋና አጭሰው እንደሚያውቁ ሲታወቅ ከዕጩነት ወጡ። አራት ዓመት ቆይቶ፣ በ1991 እ.ኤ.አ.፣ ኮሌጅ እያሉ ማጨሳቸው የታወቀው ክላረንስ ቶማስ እዚያው ፍርድ ቤት ገቡ። ጊንስበርግም ቢሆኑ በነበሩበት የይግባኝ ፍርድ ቤት ቀጥለው በኋላ ዋና ዳኛው ሆነዋል። አንድ ሰው ለአንዱ ችሎት ታምኖ ለሌላው የማይታመንበት ምክንያት ያኔም በሕግ አልተጻፈም ነበር። የፖለቲካው አየር ነው የወሰነው። ያልተጻፈ መስፈርት ሁሌም ለአየሩ ይገዛል፤ ዋሽንግተንም ሆነ ከሚሴ።

ይህን ሁሉ ስል ጫት በመንግሥት ሥራ ላይ ጉዳት የለውም እያልኩ አይደለም። ጉዳቱን የሚያውቀው ባለጉዳዩ ነው። ከአርጡማ ፉርሲ ገጠር የመሬት ይዞታ ደብተሩን በፌስታል ጠቅልሎ ማለዳ የተነሳ ገበሬ፣ ከሰዓት በኋላ ቢሮው በር ላይ ደርሶ ባለሙያው «ወጣ ብሏል» ይባላል። ወጣ ያለው የት እንደሆነ ዘበኛውም፣ ገበሬውም፣ አለቃውም ያውቃሉ። ገበሬው የመጓጓዣ ገንዘቡን ጨርሶ፣ የአንድ ቀን እርሻውን አጥቶ ይመለሳል። በማግስቱ የሚመጣው ባለሙያ ደግሞ ሀራራው እስኪለቀው ድረስ ሰው የሚያናግርበት ፊት የለውም። ከምርቃናው በኋላ ለጨብሲ መጠጥ የሚጨምር ከሆነ ወጪው በእጥፍ ያድጋል፤ ደመወዙ የማይሸፍነው ወጪ ደግሞ ከሌላ ቦታ መምጣቱ አይቀርም። ገንዘብ በእጁ ያለ ሠራተኛ ላይ ይህ ትልቅ አደጋ ነው። ጠመንጃ በያዘና መሪ በጨበጠ ሰው ላይማ ይብሳል። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ከሚሴ ድረስ መጥቶ ባለፈበት አካባቢ፣ መሣሪያ ታጥቆ ሌሊት የሚጠብቅ ሰው አእምሮው የነቃና የረጋ እንዲሆን መጠየቅ የነዋሪው መብት ነው።

ነገር ግን ልብ ብለን ካየነው፣ ገበሬውን ያጉላላው ባለሙያ የበደለው ሥራ እጅ ከፍንጅ ይታያል። የመግቢያና የመውጫ ሰዓት አለ፤ ያልተፈጸመ ጉዳይ አለ፤ በኦዲት የተገኘ ጉድለት አለ። በእነዚህ መጠየቅ ሲቻል ነው አለቆች ዝም የሚሉት፤ ብዙ ጊዜ አብረው ስለሚቅሙ። እና በሚታየው ላይ ያልተወሰደ እርምጃ በማይታየው ላይ፣ ማለትም በአመልካቹ የወጣትነት ዘመን ላይ፣ ይወሰዳል። ውስጥ ያለው ሱሰኛ ተከብሮ ይቀመጣል፤ ውጭ ያለው፣ የተወው፣ በር ላይ ይመለሳል።

ቁጥሩም ቢሆን «ቅመህ ታውቃለህ» የሚለውን ጥያቄ አይደግፍም። በ2008 ዓ.ም. የተካሄደው አገር አቀፍ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ወንዶች 27 በመቶ ያህሉ፣ ከሴቶች ደግሞ 12 በመቶ ያህሉ ጫት ቅመው እንደሚያውቁ አሳይቷል። ይህ ጫት በልማድ የማይታወቅባቸውን ሰፊ አካባቢዎች ጨምሮ የተገኘ አማካይ ነው። በኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ያለው ከዚህ ያንሳል ብሎ የሚገምት አይኖርም። በዚያ ልክ ሕዝብን ከመንግሥት ሥራ ማራቅ ማለት ዞኑን የራሱን ልጆች በማያውቁ ሰዎች ማስተዳደር ማለት ነው።

አሁን ይህን ማንሳት ያስፈለገው በ2017 ዓ.ም. የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አዲስ የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ስላጸደቀ ነው። ክልሎች የየራሳቸው የሠራተኞች ሕግ አላቸው፤ የአማራ ክልልም አለው። ብቃትን መሠረት ያደረገ ሲቪል ሰርቪስ የሚባለው ነገር ከፌዴራል ወደ ክልል፣ ከክልል ወደ ዞንና ወረዳ ሲወርድ በመጨረሻ የሚያርፈው ቅጥር የሚፈጽመው ባለሙያ በሚጽፋት ማስታወቂያ ላይ ነው። እዚያ ላይ የሚጻፈው ሐረግ የአዋጁን ያህል ሊታሰብበት ይገባል።

በእኔ እምነት መነሻው ሱስን ከልማድ መለየት ነው፤ ይህን የሚለየውም የሰፈር ሰው ሳይሆን የጤና ባለሙያ መሆን አለበት። ጥገኝነት በምርመራና በቃለ መጠይቅ የሚታወቅ የጤና ጉዳይ ነው። መንግሥት ሲመረምር ደግሞ የሚመረምረው ያሁኑን ነው፤ ወደኋላ መሄድ ካስፈለገም ልክ ይኑረው። አንድ ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት ሊያከራክር ይችላል፤ ያልተጻፈ ግን መሆን የለበትም። ታጣቂና ሾፌር ላይ ከሌላው የጠበቀ መስፈርት ቢደረግ አልቃወምም፤ ምክንያቱን መግለጽ ስለሚቻል። ጸሐፊ፣ መምህር ወይም የግብርና ባለሙያ ላይ ያንኑ መጣል ግን ምክንያት የለውም። ውድቅ የተደረገ አመልካች ምክንያቱን በጽሑፍ ያግኝ፤ ይግባኝ የሚልበት ቦታ ይታወቅ።

የተወውን ሰው በተመለከተ ደግሞ ከዚህ ያለፈ ነገር ያስፈልጋል። የሱስ ሕክምና ሲነሳ ዛሬም ቀድሞ የሚጠራው አዲስ አበባ ያለው አማኑኤል ሆስፒታል ነው። ከሚሴ ያለ ሠራተኛ ልተው ቢል መጀመሪያ የሚያስፈልገው «እርዱኝ» ማለቱ ከሥራ እንደማያስባርረው ማወቅ ነው። አሁን ባለው አሠራር ይህን የሚያረጋግጥለት የለም፤ ስለዚህ ይደብቃል፤ ሲደብቅ ይብስበታል። ልማዱን በራሱ ጥረት የተወ ሰው ደግሞ ገንዘቡን፣ ጓደኞቹን፣ የከሰዓት ቦታውን ትቶ ነው። ራሱን በዚህ ደረጃ መግዛት የቻለ ሰው ለገንዘብ ያዥነት ቢታጭ እኔ ከማንም ቀድሜ ድምፄን እሰጠዋለሁ።

በዞኑና በወረዳዎቹ ቅጥር የምትፈጽሙ፣ በክልሉ ምክር ቤት ሕግ የምትመክሩ ወገኖች፦ ቀጣዩ ማስታወቂያ ከመለጠፉ በፊት «ከደባል ሱስ ነፃ» ከሚለው ሐረግ ቀጥሎ የትኛው ንጥረ ነገር እንደሆነ፣ ከመቼ ጀምሮ እንደሚቆጠር፣ ማን እንደሚያረጋግጥና የት ይግባኝ እንደሚባል ጻፉ። ይህን መጻፍ ካልተቻለ ሐረጓ ትውጣ።